በየማለዳው የሚጠራ ስም

በዚያ ዘመን በቸልተኝነት ሰው የገደለ አይታሰርም ነበር። ሟቹ የተወው ልጅ ስም በገዳዩ ጆሮ ውስጥ ይተከልና፣ እስከ ዕለተ ሞቱ በየማለዳው እየተጠራ ይቀሰቅሰዋል።

የትርንጎ ባል የሞተው አንድ ተቋራጭ ብረት ቀንሶ የሠራው ፎቅ ተደርምሶበት ነው። ወንድ ልጅ ስትወልድ አማቷ አባባ አጥናፉ ስም ይዘው መጡ።

“ይትባረክ እንበለው፣ ልጄ።”

“ያ ሰው በምርቃት ሊነቃ ነው እንዴ አባባ? የቅድመ አያትዎ ስም ማን ነበር?”

ሽማግሌው አቀረቀሩ። “ደምመላሽ። ዛሬ ለልጁ የሚያወጣው የለም። አንዴ ከተመዘገበ ደግሞ አይቀየርም።”

“እሱ ይሁን።”

ስሙ በተመዘገበ ማግስት ጎህ ሲቀድ፣ ተቋራጩ ከአልጋው ሲባንን በዓይነ ሕሊናዋ ታያትና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ረፋዱ ላይ ልጇን በሳፋ እያጠበች ልታቆላምጠው ፈለገች። “ደምዬ” ልትለው ስትል ተወችው። ያ ሰው ስሙን በቀን አንዴ ይሰማል፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ልትጠራው ነው።

ቢሆንም ጥርሷን ነክሳ፣ “ደምመላሽ!” አለችው ጮክ ብላ።

ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ።