የተጠቀጠቀው ቀዳዳ

ጎረቤቷ ስለምትሠራው ወጥ ሽታ ካማረረች ወዲህ ደስታነሽ በእፍረት አንገቷን ደፍታለች። ሽታው እንዳይወጣ ብላ፣ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቷ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሁለቱንም ቀዳዳዎች በብርድ ልብስ ጠቀጠቀቻቸው። አንደኛው በ1996 ከመንገድ በተሳበው የጋዝ መስመር የሚሠራው ማሞቂያ ጭሱን የሚያወጣበት መሆኑን አላወቀችም።

ከዚያ ወዲህ ራሷን ያማታል። ኩሽና በገባች ቁጥር ደግሞ ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት ጥጉ ላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ታያለች። ትልቅ ሰው እንዳላየች ሁሉ ሰላም ሳትል ታልፋቸዋለች። አበደች እንዳትባል ለማንም አልተናገረችም።

ማሞቂያውን ሊያይ ከኬንት ከተማ የመጣው የጥገና ሠራተኛ መሳፍንት ብርድ ልብሶቹን ጎትቶ አወጣና መስኮቶቹን በሙሉ ከፈተ።

"ምነው እህቴ፣ ታፍነሽ ልትሞቺ ነበር እኮ።"

"ሽታው ጎረቤት እንዳይሄድ ብዬ ነው" አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። "ጋዝ የሌለ ሰው ያሳያል እንዴ?"

"አዎ፣ ያሳያል። ስለዚህ አየሩ ሲጸዳ ይለቅሻል።"

ደስታነሽ ቀለል አላት። ለካ የናቀችው ሰው አልነበረም።

መሳፍንት ዕቃውን መኪናው ላይ ሲጭን ቆይቶ ሊሰናበታት መጣ። ነፋሱ አሁንም መጋረጃውን እያወዛወዘ ነው። በኩሽናው መስኮት አንገቱን አስገብቶ ወደ ጥጉ እጅ ነሳ።

"ደህና ይዋሉ፣ እማማ።"

ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመችው ደስታነሽ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እየተንቀጠቀጡ ነው እኮ። ብርድ ልብሱን ደርቢላቸው እንጂ።"