ይዣለሁ

ሙከሚል ከካምባ በመጣው ሚኒባስ ሥር በጀርባው ከተንጋለለ ግማሽ ቀን ሆነው። ካምቢዮውን፣ ያንን ከባድ የማርሽ ሳጥን፣ ለማውረድ ሰባት ቡሎን ፈቷል፤ ስምንተኛው ግን ጭቃና ዝገት ተባብረውበት ንቅንቅ አልል አለ። ናፍጣ አጠጣው፣ በመዶሻ ቀጠቀጠው፣ ለመነው፣ ሰደበው። "ልቀቅ እንጂ፣ አንተ የተረገምክ!" ክንዱ ከመዛሉ የተነሳ የሌላ ሰው ክንድ መሰለው።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። ካምቢዮው በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ በማርሹ ዱላ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣና የሹፌሩ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ባልደረባው ካሱ ይይዘዋል። የመጨረሻው ቡሎን ሊፈታ ሲል ከሥር "ያዝ!" ይባላል፤ ከላይ "ይዣለሁ" ካልተባለ ቁልፍ አይዞርም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ሠርተዋል።

ካሱ "ማስደገፊያ ክሪክ ተውሼ ልምጣ" ብሎ ከወጣ ቆየ። ሙከሚልን በዚያ ሙቀት እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ሲነቃ ከላይ ወንበሩ ሲጢጥ አለ፤ ገመዱም ተወጠረ።

"ካሱ፣ ያዝ!"

"ይዣለሁ።"

ቁልፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ያለ የሌለ ኃይሉን አሳረፈበት። ቡሎኑ አንዴ ጮኸና እሺ አለ፤ ወጥቶ መዳፉ ላይ ወደቀ። ካምቢዮው ከደረቱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በገመዱ ተንጠለጠለ።

"እፎይ፣ አልሐምዱሊላህ።"

ያኔ በጋራዡ በር በኩል የካሱ ነጠላ ጫማ እየተጎተተ መጣ።

"ሙኬ፣ ይቅርታ፣ ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ ክሪክ አጣሁ። እስክመጣ አልነካኸውም አይደል?"

ሙከሚል ዓይኑን ወደ ተወጠረው ገመድ አነሳ። ከላይ፣ ከወንበሩ፣ በዚያው በካሱ ድምፅ፣ እሱንም ድካም የያዘው ይመስል፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ጠየቀው።

"ልልቀቀው?"