አባጨጓሬዎቹን ማን ገደላቸው

አባጨጓሬዎቹን የሚገድላቸው ማነው? ብሮንዊን ይህን ጥያቄ ከአስራ አንድ ዓመቷ ጀምራ ይዛው ኖራለች። አሁን ሃያ አራት ሞልቷታል።

ነገሩ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው። ሙቀቱ ሲጀምር የሰው መዳፍ የሚያህሉ ቢራቢሮዎች ከሸለቆው ወጥተው ወደ አባቷ ግቢ ይመጣሉ። እናቷ በሕይወት ሳለች በረንዳው ላይ ባሳደገችው ሐረግ ቅጠል ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ ይፈለፈላል። ሳምንት ሳይሞላ አባጨጓሬዎቹ ጠቁረው ወለሉ ላይ ይረግፋሉ።

አባቷ ክላይቭ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። መንደሩ "የቢራቢሮው ክላይቭ" ይለዋል። ቢራቢሮዎቹ ሐረግ ካላገኙ እንቁላል እንደማይጥሉ ያውቃል፤ ስለዚህ በየመስከረሙ ከሚስቱ ሐረግ እየቆረጠ፣ በባዶ የእርጎ ዕቃ እየተከለ ለፈለገ ሁሉ ያድላል። ማደልም አያስፈልግም ነበር፤ ዘሩን ነፋስ እየወሰደው ወንዙ ዳር ድረስ በራሱ በቅሏል። አበባው ቡናማ ዝንጉርጉር ሆኖ የትንባሆ ፒፓ ይመስላል። እንግዳ ሁሉ ፎቶ ያነሳዋል።

ከአጥሩ ወዲያ ሎርና ቲፔት ትኖራለች፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ስልሳ የፅጌረዳ እግር አላት። ሐሙስ ሐሙስ መርጫዋን በጀርባዋ አዝላ የተባይ መድኃኒት ትረጫለች።

"ሎርና፣ ያ ነገርሽ እኮ ገዳይ ነው" ይላታል ክላይቭ በአጥሩ ላይ።

"ቅማል ገዳይ ነው። አንተ ሃያ ዓመት ስትተነፍሰው ኖረህ ይኸው ትለፈልፋለህ።"

"ነፋሱ ወደ እኔ ነው የሚያመጣው።"

"እንግዲያው ከነፋሱ ጋር ተጣላ።"

ባለፈው ዓመት ብሮንዊን አንዱን የሐረግ ቅርንጫፍ ከነእንቁላሉ በአጎበር፣ በላዩም በላስቲክ ሸፈነችው። በዚያ ሰሞን ሎርና እህቷ ዘንድ ሄዳ ስለነበር መርጫዋን የነካ ሰው አልነበረም። አባጨጓሬዎቹ በስድስተኛው ቀን ሞቱ።

"መሬቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው" አለ ክላይቭ። "ሥሩ እየሳበው ነው። ይቺ ሴትዮ አፈሩን ሳይቀር መርዛዋለች።"

ብሮንዊን ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ታሪክ ነው፤ የምትሠራው በከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። ከሰው ጋር ረጅም ንግግር አይሆንላትም።

አምና ወደ ግቢያቸው የመጡት እንስት ቢራቢሮዎች ሦስት ነበሩ። ዘንድሮ አንዲት ብቻ መጣች። ክላይቭ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አራት ቀን ሙሉ ሌላ ጠበቀ።

በአምስተኛው ቀን ለማዘጋጃ ቤቱ አቤቱታ ጻፈ፤ ሎርና መድኃኒት መርጨቷን እንድታቆም፣ እምቢ ካለች ፅጌረዳዎቿ እንዲነቀሉ። ሠላሳ ስምንት ሰው ፈረመ። ሁሉም ከእሱ ችግኝ የወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ ከስሙ ጎን አድራሻውን አሰፈረ።

"ከማስገባቴ በፊት ሎርና ታንብበው" አለ ለብሮንዊን። "አንቺ ውሰጂላት። እኔ ከሄድኩ እንጣላለን።"

"አባዬ፣ እኔ ምን እላታለሁ?"

"ምንም አትበያት። ስጫትና ነይ።"

ሎርና ወረቀቱን መነጽሯን ሰክታ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"ሠላሳ ስምንት" አለች። "ቀብሬ ላይ ይህን ያህል ሰው ከመጣ ደስታውን አልችለውም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ሚስስ ቲፔት።"

"አንቺ ምን አደረግሽ? አባትሽን ግን እንዲህ በይልኝ። ፅጌረዳዬን የሚነቅል ሰው መጀመሪያ እኔን ይነቅላል። ማዘጋጃ ቤቱም ይምጣ፤ ሻይ አፈላለታለሁ፣ አጥሬን ግን አያልፍም።"

"ቢራቢሮዎቹ እያለቁ ነው። ዘንድሮ የመጣችው አንዲት ናት።"

"ወደ እናንተ አንዲት መጣች በይ።" አሮጊቷ ምርኩዟን አነሳች። "ነይ ተከተይኝ የኔ ቆንጆ። እግርሽን ጠብቂ፤ ትናንት ነው የረጨሁት።"

ፅጌረዳዎቹን አልፈው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ደረሱ። የመድኃኒቱ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። የዘመመውን አጥር አንድ ወፍራም ሐረግ ተጠምጥሞ ይዞታል። ቅጠሉ ረዘም ያለ ነው። አበባው የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም፤ ደስ የሚል ጠረንም የለውም።

"ይህን ማን ተከለው?"

"ማንም። ጫካው ነው ያበቀለው፤ እኛ ከመምጣታችን በፊት እዚሁ ነበር። ባሌ አስቀያሚ ነው ብሎ ሊያጠፋው ነበር፤ እኔ አጥሩን ደግፎ ስለያዘልኝ ተወው አልኩት። አባትሽም አንዴ በእሱ ፈንታ የራሱን ሊተክልልኝ መጥቶ ነበር። አመስግኜ መለስኩት።"

ሎርና በምርኩዟ ጫፍ አንዱን ቅጠል ገለበጠችው። ከሥሩ ጣት የሚያህል እሾሃም አባጨጓሬ ቅጠሉን ይገምጣል። ከጎኑ ሌላ አለ። ብሮንዊን ቆጠረች፤ አስራ ሰባት ሲደርስ ተወችው።

"እነዚህ የኔን መድኃኒት ወሬ አልሰሙም መሰለኝ" አለች ሎርና። "እየወፈሩ ነው።"

ብሮንዊን ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከእናቷ ሐረግ ቅጠል የተለየ ነው። ከዚያ ወረቀቱን መልሳ ተቀበለቻትና ወደ ቤት ሄደች። ክላይቭ በረንዳው ላይ አዲስ ችግኝ ውሃ እያጠጣ ነበር።

"እሺ፣ ምን አለች?" አላት።

"አባዬ፣ ገዳዩ መድኃኒቱ አይደለም፤ ሐረጋችን ነው።"

ብሮንዊን ከዕቃ ቤት መጋዙን አምጥታ፣ አባቷ እየጮኸባት፣ የእናቷን ሐረግ ከሥሩ ቆረጠችው፤ ከዚያም አቤቱታውን ይዛ የመጀመሪያውን ፈራሚ በር ልታንኳኳ ከነመጋዟ ወጣች።