ግማሽ የተሳለ እጅ

«እዚህ ላይ ይብቃሽ፣ ዙሁራ» አለች ራያ።

ዙሁራ እንዳልሰማች ሆነች። የሂናው መስመር አጠገቧ ከተቀመጠችው ከቲማ የእጅ አንጓ ተነስቶ በእጇ ጀርባ ላይ እንደ ሐረግ ይጠማዘዛል። ስንቱን የላሙ ደሴት ሙሽራ ያስጌጠች ዙሁራ፣ የእጇ ሕመም አልለቅ ካላት ወዲህ ሂና ስትነካ ዛሬ ገና መጀመሪያዋ ነው።

«አበባው እኮ ግማሽ ላይ ነው! የእህቴ ልጅ ሠርግ ደርሷል፣ መቼ ልለማመድ?»

«ሕመሙ ሳያስቆምሽ አንቺ ቁሚ አላልንም? አንቺ እስኪያቃጥልሽ ትሠሪያለሽ፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ማንኪያ ማንሳት ያቅትሻል።»

ራያ ሐኪም አይደለችም፤ እሷንም ጉልበቷን ካመማት ዓመታት አልፈዋል። በየሳምንቱ ሕመም አልለቅ ያላቸውን ጎረቤቶቿን የጤና ጣቢያው ሰገነት ላይ ትሰበስባለች። ከሕመም ጋር እንዴት እንደሚኖር እርስ በርስ ይማማራሉ።

«ግማሽ ጀልባ ቢሆን ይሰጥማል» አሉ ጀልባ ሠሪው ሽማግሌ ፉሞ፣ የታመመ ወገባቸውን ትራስ ላይ እያመቻቹ። «ግማሽ አበባ የት ይሄድብሻል፣ ልጄ?»

ሁሉም ሳቁ። ዙሁራም ሳትወድ ሳቀች። ሂናውን አስቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች።

ከታች ባሕሩ የግንቡን ድንጋይ ይልሳል። ሰመመን የመሰለ ነገር ወሰዳት። የሳለቻቸው እጆች ሁሉ ውሃ ላይ ተንሳፍፈው ሲመጡ ታያት፤ ቀስ ብለው ይከፈታሉ፣ ቀስ ብለው ይከደናሉ። ቶሎ በይ የሚላት አንድም አልነበረም። ሕመሙ አልሄደም፤ ግን እንደ ጎረቤት እንግዳ ራቅ ብሎ ተቀምጧል።

ስትነቃ ሂናውን አነሳች። «ቲማዬ፣ እስቲ ጣትሽን...»

ፉሞ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ቲማ ተኝታለች። ዳሌዋ ሌት ተቀን የሚያንገላታት፣ ባሏ እንኳ «ማስመሰል ነው» የሚላት ቲማ፣ እጇን ዙሁራ ጭን ላይ እንደዘረጋች ጭልጥ ብላለች።

«እንዳትቀሰቅሺያት» አለች ራያ በሹክሹክታ።

«ማን ይቀሰቅሳታል!»

ፀሐይዋ ሰገነቱን ከሚያጠላው ዳስ ጠርዝ ሾልካ የቲማን ሽፋሽፍት ነካች። ዙሁራ ጭኗን ሳታንቀሳቅስ ቀስ ብላ ዞረች፤ ጀርባዋን ለፀሐይዋ ሰጥታ፣ ጥላዋ የቲማ ፊት ላይ እስኪያርፍ ጎንበስ አለች። እንዲያ እንዳለች ቆየች።