የሚያባብለው ቤት

የእርጋታ ደንብ ከወጣ ወዲህ፣ መኖሪያ ቤት ሁሉ የገባበትን ሰው ማባበል አለበት፤ ማጥፊያም የለው። ትርሲት ቤቷን የነደፈችው ራሷ ናት። ወለሉ እግር ሲያርፍበት ይሞቃል፣ ግድግዳው ጀርባ ሲደገፈው እንደ ሰው ደረት ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ አየሩ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል።

ባሏ አምሃ በተቀበረ ማግስት እናቱ እማማ ወለላ ከደብረ ማርቆስ ደረሱ። "አምሃዬ፣ አንድዬ" እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ጫማቸውን አውልቀው ወለሉን ሲረግጡ ድምፃቸው ሰለለ። ግድግዳውን ተደግፈው ሲቀመጡ ደግሞ ደረት የሚደቃው እጃቸው ጭናቸው ላይ ወደቀ።

"ምን አደረግሽኝ?" አሉ በዝግታ። "ልጄ እኮ ነው የሞተው።"

"ቤቱ ነው፣ እማማ።"

አሮጊቷ እንደምንም ተነሡ። በባዶ እግራቸው ወጥተው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አሉ። ወዲያው ጩኸታቸው በመስኮቱ ገባ።

"ትርሲት፣ ነይ አብረን እናልቅስለት።"

ትርሲት ከቀብር ከተመለሰች ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ልትነሣ አሰበች። ወለሉ ከእግሯ ሥር ሞቅ አለ፤ ግድግዳውም ከጀርባዋ በረጅሙ ተነፈሰ።

እጇን ዘርግታ መስኮቱን ዘጋችው።