የከሊፋ የክብሪት ቀፎ

ኮሌራ በገባበት በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ነገሌ ላይ ሰገራው የሚመረመርለት መንገደኛ ብቻ ነበር። ጤና ጣቢያው ያለው አንድ ማይክሮስኮፕና አንድ ድሬሰር ነው፤ ከኮሌራ ነጻ የሚል ወረቀት ያልያዘ ደግሞ መኪና አይሳፈርም። ሌላው ሕመምተኛ «ወረርሽኙ ሲያልፍ ና» እየተባለ ይመለሳል። ድሬሰር ሥዩም ይህችን ቃል ከመልመዱ የተነሣ የሚመልሰውን ሰው ፊት ማየትም ትቶ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ባለሱቁ ከሊፋ ቦርጩን አስቀድሞ ገባ።

«አካም፣ ሐኪም! ናጋ?» አለና ሰገራ የያዘ የክብሪት ቀፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ዶሎ እወርዳለሁ።»

ሥዩም ከቀፎው ትንሽ ቆንጥሮ መስታወት ላይ ቀባና አየ። ኮሌራ የለም። ግን ጎኑ ላይ እሾህ ያለው የትል እንቁላል ቁጭ ብሏል።

«ጋሼ ከሊፋ፣ ከኮሌራ ነጻ ነዎት። ቢልሃርዝያ ግን ተገኝቷል።»

«አልሃምዱሊላህ!» አለ ከሊፋ፣ ፊቱ በርቶ። «መድኃኒቱ አለ?»

ሥዩም ክው አለ። በሽታ ተገኘ ሲባል የሚፈነድቅ ሰው አይቶ አያውቅም።

መድኃኒቱስ ነበር፤ ለአንድ ሰው የሚሆን። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሁሉ የኮሌራ ጓዝ ከሆነ ወዲህ ሌላ አልተላከም።

ሚዛን ላይ እንዲወጣ ሲጠይቀው ከሊፋ ወደ ኋላ አለ።

«እኔን ተወኝና፣ የእኔን ግማሽ ለሚመዝን ሰው ስንት ክኒን ይበቃል?»

አሁን ነገሩ ለሥዩም ገባው። ሰውየው ገና ሳይሳፈር ለዶሎ ደንበኞቹ ሊሸጠው እያከፋፈለ ነው! ግን ምን ይበል? እንቁላሉን በገዛ ዓይኑ አይቶታል። ጥርሱን ነክሶ ክኒኑን ሰጠው።

ቀኑን ሙሉ ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ። ነገ የምር የታመመ ቢመጣ ምን ሊሰጠው ነው? ከሥራ እንደወጣ ክኒኑን ሊያስመልስ ወደ መኪና ማቆሚያው ገሰገሰ። የዶሎው መኪና ሊነሣ ነው። ከሊፋ የለም።

«ከሊፋማ መች ተሳፈረ?» አለው ረዳቱ። «ቤቱ ነው።»

ታዲያ እዚሁ ሊቸረችረው ነው! ሥዩም ደሙ ፈላ። ሱቁ ዝግ ሆኖ ቢያገኘው ዞሮ የጓሮውን በር ደበደበ።

ከሊፋ እንደከፈተለት፣ «ክኒኑን ያምጡ!» አለው።

ከሊፋ ከበሩ ዘወር አለ። ከኋላው ሚስቱ መሱዳ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላለች፤ ሰውነቷ አልቆ ሆዷ ብቻ ተነፍቷል። የያዘችውን ክኒን ዋጠችና ውኃ ተጎነጨችበት።

«አትቆጣው፣ ሐኪም» አለች። «የቀፎው ሰገራ የእኔ ነው። መንገደኛ ካልሆኑ አይመረመሩም ብለህ ሁለቴ የመለስከው እኮ እኔን ነው።»