ከመጋረጃው ጀርባ

ፋብሪካው ውስጥ አቤቱታ የሚሰማው በመጋረጃ ነው። አቤት ባዩ ከጀርባ ይቀመጣል፤ ኮሚቴው ከፊት ሆኖ ድምፁን ብቻ ይሰማል። «ማንነታችሁ እንዳይታወቅ ብለን ነው» ይላሉ። ድምፁን ግን ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ የማያውቅ የለም።

የቦይለር ሠራተኛዋ ስትገባ፣ ሁልጊዜ አንድ የነበረው ወንበር ዛሬ ሁለት ሆኗል። «ለማን ይሆን?» ብላ አንዱ ላይ ተቀመጠች።

«የእንፋሎቱ ማስተንፈሻ ዛሬም ሥራ እንዳይቆም ተብሎ በሽቦ እንደታሰረ ነው» አለች። «ቦይለሩ ፈንድቶ ጋሼ እንፋሎትን የፈጀው በሱ ነው። እዚሁ ተቀምጦ ነግሯችሁ ነበር!»

ጋሼ እንፋሎት የሚሉት የቦይለሩን አለቃ ነበር፤ በመፍቻው ወንበሩን ኳ፣ ኳ ሳያደርግ ወሬ አይጀምርም።

«እህቴ፣ ሟችን ተይው» አለ ሰብሳቢው ከማዶ። «ያለ ምስክር አቤቱታ እንደማንቀበል ታውቂያለሽ። አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።»

«አላርፍም! ያረፈውን ቀብረን መጣን።»

«እንግዲያው ምስክር አለሽ?»

«የነበረኝን ፈጃችሁት። ብትፈልጉ አባርሩኝ፤ ነገም እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም እመጣለሁ።»

ከማዶ ወረቀት ሲሰበሰብ፣ ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ ተሰማ። «ምስክር ስለሌለ ጉዳዩ ተዘግቷል» አለ ሰብሳቢው።

ኳ፣ ኳ።

ከአጠገቧ፣ ከባዶው ወንበር ነው።

«ማ... ማነው አብሮሽ ያለው?» አለ ሰብሳቢው።

ዞራ አላየችም። ወገቧን አቅንታ ተቀመጠች።

«ድምፁን ታውቁት የለ?» አለች። «ጠይቁታ!»